ሦስት ፕሮፎርማ፣ አንድ ቤት ዕቃ

የጠያቂያችን ደብዳቤ ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኔ፣ ባለቤቴና የ7 ዓመቱ ልጃችን ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሌላ አህጉር ልንዛወር ነው። የምንኖረው ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ነው፤ ዕቃው ሙሉ ነው። ከሦስት አጓጓዥ ድርጅቶች ፕሮፎርማ ሰበሰብን። የትንሹ ዋጋ የትልቁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ትንሹን ብንይዝ ምን ይመጣብናል? ወይስ ሁሉንም ሸጠን እዚያው ብንገዛ ይሻላል?»

ሦስቱንም ፕሮፎርማ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ከዚያ ዋጋው የተጻፈበትን ቦታ በእጅዎ ይሸፍኑት። እየቀለድኩ አይደለም። ዋጋው እየታየ የቀረውን ማንበብ ያስቸግራል፤ ዓይን ቶሎ ብሎ ወደ ትንሹ ቁጥር ይሄዳል። ሦስት ድርጅቶች ለአንድ ዓይነት ሥራ ይህን ያህል የተራራቀ ዋጋ ሲሰጡ እኔ አላየሁም። ዋጋው እንዲህ ከተራራቀ፣ ሥራው አንድ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያው ወረቀት ላይ አለ፤ ወይ በደቂቅ ፊደል ተጽፏል፣ ወይ ጭራሽ ሳይጻፍ ቀርቷል።

መጀመሪያ የሚፈልጉት ሜትር ኪዩብ የሚለውን ቁጥር ነው። የቤት ዕቃ በባሕር ሲሄድ በአብዛኛው የሚከፈለው በሚይዘው ቦታ እንጂ በክብደቱ አይደለም። አንዱ 18 ሜትር ኪዩብ፣ ሌላው 27 ብሎ ከጻፈ፣ ስለ ሁለት የተለያዩ ቤቶች ነው የሚያወሩት። ብዙ ጊዜ 18 ያለው ሰው ቤትዎን አላየም። በስልክ «ስንት ክፍል ነው?» ብሎ ገምቷል። ቤት ድረስ መጥቶ፣ ወይም በቪዲዮ እያንዳንዱን ቁም ሳጥን አስከፍቶ ያየ ሰው ቁጥር ሌላ ነው። አልጋ ሥር የተቀመጠው ሻንጣ፣ በረንዳ ላይ ያለው ብስክሌት፣ በዓመት አንዴ የሚከፈተው ዕቃ ቤት፣ ሁሌም የሚረሱት እነዚህ ናቸው።

ግምቱ ስህተት ቢሆን ማን ይከፍላል? እርስዎ። የጭነት ቀን ግማሹ ዕቃ በር ላይ ወጥቷል። መኪናው ሞተሩን አላጠፋም። የቤቱን ቁልፍ ለማስረከብ አንድ ሰዓት ቀርቷል። ያን ጊዜ ነው አንዱ መጥቶ «ዕቃው እኮ ከተባለው በልጧል» የሚልዎ። በዚያ ሰዓት የሚከራከር ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሁሉም ይከፍላል።

ስለዚህ ራስዎ ይለኩ። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ልጅዎ የሜትሩን ጫፍ ይያዝልዎ። ሶፋው ርዝመቱ 2.20፣ ጎኑ 0.95፣ ከፍታው 0.85 ሜትር ከሆነ ሦስቱን ያባዙ። 1.8 ሜትር ኪዩብ ገደማ ይመጣል። ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታም ከመደገፊያው ፊት ያለው አየርም አብሮ ይቆጠራል፤ መርከቡ ላይ ለአየርም ይከፈላል። ሁለት ሰው የሚያስተኛ ፍራሽ 0.8 አካባቢ ነው። 45 በ45 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን 0.1 ነው፤ አሥር ካርቶን አንድ ሜትር ኪዩብ ሞላ ማለት ነው። የምግብ ጠረጴዛውን ከነእግሩ ቢለኩት አንድ ሜትር ኪዩብ ያልፋል። እግሩን ፈትተው ገበታውን ብቻ ቢለኩት 0.15 አይሞላም። ይቺ አንድ የዊንች ቁልፍ ከማንኛውም ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ታድናለች። ፕሮፎርማው ላይ «ዕቃውን ፈትቶ መጫን፣ ሲደርስ ገጥሞ ማስረከብ» የሚል መኖሩንም እግረ መንገድዎን ይዩ።

ባለ 20 ፊት (20 ጫማ ርዝመት ያለው) የምንለው ኮንቴይነር ውስጡ 33 ሜትር ኪዩብ ገደማ ነው። ባለ 40ው ደግሞ 67 ገደማ። የቤት ዕቃ ግን እንደ ሸክላ ጡብ ተገጣጥሞ አይደረደርም። ከባለ 20ው ውስጥ ከ25 እስከ 28 ሜትር ኪዩብ ከጫኑ፣ እጁ የተካነ ጫኝ አግኝተዋል። ከዚያ ያነሰ ዕቃ ያለው ሰው የጋራ ኮንቴይነር ሊይዝ ይችላል፤ ለያዘው ቦታ ብቻ ይከፍላል። ጉዳቱ መጠበቁ ነው። ኮንቴይነሩ እስኪሞላ ይቆማል። ደርሶም አብሮዎት የጫነ አንድ ሰው ወረቀቱ ከተበላሸ የእርስዎም ዕቃ አብሮ ሊታሰር ይችላል። የእኔ ልማድ ይህ ነው፦ ዕቃው ከ15 ሜትር ኪዩብ ካለፈ የጋራውንም የብቻውንም ዋጋ አስጠይቃለሁ። ብዙ ሰው ልዩነቱ ያሰበውን ያህል አለመሆኑን ሲያይ ይገረማል።

ሁለተኛው ነገር ፕሮፎርማው የት ላይ እንደሚያልቅ ነው። የእርስዎ ትንሹ ዋጋ ትንሽ የሆነው እዚህ ጋ ይመስለኛል። «ከቤት እስከ ወደብ» እና «ከቤት እስከ ቤት» ሲነበቡ አንድ ቃል ነው የሚለያቸው። በገንዘብ ግን ሰፊ ነው። ዕቃው መድረሻ ወደብ ላይ ሲራገፍ የወደብ አገልግሎት ክፍያ አለ። የትራንዚተር አለ። ጉምሩክ ኮንቴይነሩን ልፈትሽ ካለ የፍተሻውን ወጪ በብዙ አገር ባለ ዕቃው ነው የሚችለው። ከወደብ እስከ አዲሱ ቤት መኪና አለ። ሊፍት ከሌለ የደረጃ ይጨመራል። ይህ ሁሉ የሚጠየቀው ዕቃዎ በሰው እጅ ካለ በኋላ ነው፤ አማርጠው መሄድ አይችሉም። ለሦስቱም ድርጅቶች አንድ ጥያቄ ይጻፉ፦ «ይህ ዋጋ አዲሱ ቤቴ ሳሎን ድረስ ነው? ካልሆነ ከየት በኋላ ያለውን እኔ ነኝ የምከፍለው?» መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በስልክ የተባለ ነገር ውቅያኖስ አይሻገርም።

እዚያ ማዶ ዕቃውን የሚረከበው ማን እንደሆነም ይጠይቁ። የሚጭንልዎ ድርጅት ራሱ ሁሉም አገር ቢሮ የለውም፤ ለወኪል ያስረክባል። ፊዲ የሚባል እንደ ፈረንጆቹ ከ1950 ጀምሮ ያለ ዓለም አቀፍ የአጓጓዦች ማኅበር አለ። አባላቱን ፌም በሚባል የጥራት መለኪያ ያስፈትሻል። አባል ነን ካሉዎ በማኅበሩ የአባላት ዝርዝር ላይ ስማቸውን ራስዎ ይፈልጉ። አርማ ወረቀት ላይ መለጠፍ ማንም ይችላል።

አሁን ሰው ሁሉ ተገላቢጦሽ ወደሚፈራው ነገር ልምጣ። ደንበኞቼ በሙሉ የሚፈሩት ዕቃው እንዳይዘገይ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ቀድሞ የደረሰው ነው። የዘገየ ዕቃ ለጥቂት ሳምንት መሬት ላይ ያስተኛል፤ ያበሳጫል፣ ያልፋል። ቀድሞ የደረሰ ዕቃ ግን ወደብ ላይ ቁጭ ብሎ በየቀኑ ይቆጥራል። ለማንሳት የሚሰጡት ነፃ ቀናት ጥቂት ናቸው። ካለፉ የወደቡ ማከማቻ ለብቻው፣ የኮንቴይነሩ ዲመሬጅ፣ ማለትም ኮንቴይነሩ ሳይነሳ የቆየበት ቅጣት፣ ለብቻው ይሄዳል። በብዙ አገር ደግሞ የቤት ዕቃን ያለ ቀረጥ ማስወጣት የሚቻለው ባለቤቱ ራሱ ደርሶ፣ አንዳንዴም የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ሲቀርብ ነው። ፈቃዱ አንድ ወር ቢዘገይ ዕቃው አንድ ወር ይቆማል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ቁርጡ ሳይታወቅ የመርከብ ቀን አይያዙ።

የጉዞውን ቀን ራሱንም እንደ ግምት ይውሰዱት። እንደ ፈረንጆቹ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በደረሰው ጥቃት የተነሳ ብዙ መርከቦች የስዊዝ ካናልን ትተው በደቡብ አፍሪካው በኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ዞረዋል። በእስያና በአውሮፓ መካከል ይህ ብቻ አሥር ቀንና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የምትኖሩባቸው ዕቃዎች በሻንጣ አብረዋችሁ ይሂዱ። ካልበቃ ትንሽ የአየር ጭነት ይጨምሩ። የአየር ሒሳብ ግን ሌላ ነው፤ ከክብደቱና ከስፋቱ የበለጠውን ያስከፍላሉ። አንድ ሜትር ኪዩብ 167 ኪሎ ተብሎ ይቆጠራል። ትራስ የሞላ የ0.1 ሜትር ኪዩብ ካርቶን ሚዛን ላይ 4 ኪሎ ቢሆን እንኳ 17 ኪሎ ያህል ይከፈልበታል። መጽሐፍ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በአየር እሳት ነው፤ በባሕር ግን ከባድ ሆኖ ትንሽ ቦታ ስለሚይዝ ርካሽ ይሆናል። መጻሕፍቱን አይሽጧቸው። ትንንሽ ካርቶን ውስጥ ብቻ ይክተቷቸው፤ የሚሸከመው ሰውም ወገብ አለው።

እንሽጥ ወይስ እንጫን ለሚለው፣ «ሁሉንም» የሚለውን ቃል ከሁለቱም በኩል ያውጡት። ጠቅላላ ዋጋውን ለሜትር ኪዩቡ ቢያካፍሉት የአንዱን ሜትር ኪዩብ ዋጋ ያገኛሉ። እያንዳንዱን ትልቅ ዕቃ በእሱ ይመዝኑት። ሶፋውን እዚያ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ ለ1.8 ሜትር ኪዩብ ከሚከፍሉት ካነሰ፣ ሶፋው እዚሁ ይቀራል። ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ፣ ተገጣጣሚ ቁም ሳጥን እኔ አልጭንም። አንዴ ከተፈታ ቡሎኑ ሁለተኛ አጥብቆ አይዝም። ሙሉ እንጨት የሆነ አልጋ ግን ተፈትቶ ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ሲገጠምም እንደ ድሮው ነው።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ። አብዛኛው ዓለም ከ220 እስከ 240 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ ጃፓን 100 ቮልት ነው። «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ካለበት፣ እንደ ስልክና ላፕቶፕ ቻርጀር፣ ሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል። የሚያሞቅና ሞተር ያለው ግን፣ ካውያ፣ ምጣድ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ አገሩ የተለየ ቮልት ካለው መሸጡ ይሻላል። ትራንስፎርመር መግዛት ይቻላል። ካውያ ለመተኮስ ከካውያው የሚከብድ ብረት ጎን አስቀምጦ መኖር ግን ለእኔ ኑሮ አይደለም።

አዲስ ዕቃ ገዝተው ለመጫን አስበው ከሆነ ይተዉት። ከቀረጥ ነፃ የሚገባው የተገለገሉበት ዕቃ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወር የኖሩ፣ ዕቃውንም ቢያንስ 6 ወር የተጠቀሙበት መሆን አለብዎ። ኑሮዎን እዚያ ካደረጉ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ነው የሚያስገቡት። ከገባ በኋላ ደግሞ ለ12 ወር ለጉምሩክ ሳያሳውቁ መሸጥም ማዋስም አይቻልም። አሜሪካና አውስትራሊያ አንድ ዓመት የተገለገሉበትን ይጠይቃሉ። ላስቲኩ ያልተላጠለት ቴሌቪዥን ሲታይ መርማሪው ደረሰኝ መጠየቁ አይቀርም። የምትሄዱበትን አገር ደንብ ከጉምሩኩ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ያንብቡ፤ ከጎረቤት የሰሙት የአምስት ዓመት ወሬ ሊሆን ይችላል።

ከጉምሩክ ጋር የሚያጣላው ሌላው የዕቃ ዝርዝሩ ነው። አንድ ደንበኛዬ ከ60 ካርቶን በ14ቱ ላይ «ልዩ ልዩ» ብሎ ጽፎ ነበር። መርማሪው ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። «ልዩ ልዩ» ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ 14ቱንም አስከፈተ። አንዱ ውስጥ የቲማቲም ዘር በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተገኘ። ዘሩ ተወሰደ፤ እሱ እንኳ ቀላል ነበር። የቀረውም ዕቃ እንደገና ሙሉ ፍተሻ ገባ፣ ሒሳቡም ለደንበኛዬ መጣ። እያንዳንዱ ካርቶን ቁጥር ይኑረው፣ ውስጡ ያለው በደንብ ይጻፍ። ዘር፣ ተክል፣ አፈር አይጫኑ። አውስትራሊያና ኒው ዚላንድ የጫማ ሥር ያለ ጭቃ፣ የብስክሌት ጎማና የአትክልት መቆፈሪያ ሳይቀር ያያሉ፤ በብሩሽ አጥበው፣ አድርቀው ይጫኑ። ቤት ውስጥ ከተገኘ ጣውላ የእንጨት ሳጥን ማሠራትም ጣጣ አለው። ለማሸጊያ የሚሆን እንጨት መሐሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ30 ደቂቃ ደርሶት ወይም በሌላ የታወቀ መንገድ ታክሞ፣ ማኅተም ሊኖረው ይገባል። ሽቶ፣ ቀለም፣ ስፕሬይ፣ የጋዝ ሲሊንደር ጭራሽ አይታሰቡም።

ኢንሹራንስን ሰው የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርስ ደክሞት ይፈርማል። እባክዎ በጠዋት፣ ሳይደክሙ ያንብቡት። መርከብ ድርጅቱ ራሱ ያለበት ኃላፊነት በጣም ጠባብ ነው። ብዙ አገሮች የሚሠሩበት የሄግ ቪስቢ ደንብ ጣሪያውን በኪሎ 2 ወይም በጥቅል 666.67 ኤስዲአር ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ኤስዲአር የዓለም ገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። ለሌላው የራስዎ መድን ያስፈልጋል። ሦስት ነገር ይዩ። አንዱ፣ ፕሮፎርማው ላይ ያለው መድን «ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ብቻ» የሚል እንዳይሆን፤ ርካሹ ላይ የሚጻፈው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ራስዎ ያሸጉት ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ብርጭቆ አብዛኛውን ጊዜ አይከፈልም። ልብስና መጽሐፍ ራስዎ ያሽጉ፣ ሳህንና መስታወት ለእነሱ ይተዉ። ሦስተኛ፣ ዋጋ አያሳንሱ። 100 የሚያወጣውን ዕቃ 50 ብለው ካስመዘገቡ፣ 10 የሚያወጣ ጠረጴዛ ሲሰበር የሚደርስዎ 5 ነው። ግማሹን ነው ያስመዘገቡት፣ ግማሹ ይከፈላል።

«እኔ ምን አጋጣሚ» የሚሉ ከሆነ፣ በመጋቢት 2021 እንደ ፈረንጆቹ ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ካናል ላይ ለስድስት ቀን ተሰንቅራ ነበር። ከወጣች በኋላም ክርክሩ ሳያልቅ እስከ ሐምሌ ድረስ እዚያው ተያዘች፤ ከ18 ሺህ በላይ ኮንቴይነር ከነውስጡ። የመርከቧ ባለቤት ጄኔራል አቨሬጅ አወጀ። ይህ የቆየ የባሕር ሕግ ነው። መርከቧን ለማዳን የወጣውን ወጪ ጭነት ያለው ሁሉ እንደ ድርሻው ይካፈላል። መድን የገባ ሰው መድኑ ዋስ ይሆንለታል። ያልገባ ሰው ምንም ሳይሰበርበት ገንዘብ አስይዞ ነው ዕቃውን የሚረከበው።

የጭነቱ ቀን ባዶው ኮንቴይነር ሲመጣ ውስጡ ይግቡ። በሩን ይዝጉልኝ ይበሉ። ጨለማው ውስጥ ጣሪያውንና ማዕዘኑን ይቃኙ። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለች ብርሃን ከታየች ውሃም በእሷ ይገባል፤ ኮንቴይነሩን ያስቀይሩ። ሠራተኞቹ ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ደህናው ኮንቴይነርም ቢሆን ቀን ሲሞቅ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ላይ ጤዛ ቋጥሮ ዕቃው ላይ ያንጠባጥባል። እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ይሰቀልበት። ፍሪጅ የሚጫን ከሆነ ሁለት ቀን ቀድመው ይንቀሉት፣ በሩን ከፍተው ያድርቁት። ሳይደርቅ የተዘጋ ፍሪጅ ከሁለት ወር በኋላ ሲከፈት ያለውን ሽታ አንዴ አይቼዋለሁ፤ ማሽተት ሳይሆን ማየት ነው የሚባለው። ሲጠናቀቅ በሩ ላይ የሚታሸገውን የፕሎምፕ (የማሸጊያው) ቁጥር በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

አሻጊዎች ፈጣን ናቸው፤ ያገኙትን ሁሉ ያሽጋሉ። ቆሻሻ መጣያ ከነቆሻሻው ታሽጎ ባሕር ሲሻገር አውቃለሁ። አንዲት ደንበኛ ፓስፖርቷን መሳቢያ ውስጥ ትታ፣ ማታ ላይ ኮንቴይነሩ ታሽጎ ሄዶ ደወለችልኝ። በማግሥቱ ወደቡ ሳይገባ አስቁመን፣ ለመክፈትና እንደገና ለማሸግ ከፍላ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምለው አንድ ነው። በጠዋቱ መታጠቢያ ቤቱን ባዶ ያድርጉና የእጅ ዕቃችሁን እዚያ አስገብተው ይቆልፉት፤ ቁልፉ ኪስዎ ይግባ። ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ፣ የትምህርት ዶክመንት፣ የልጁ የክትባት ካርድ፣ መድኃኒት ከነማዘዣው፣ ጌጣ ጌጥ፣ ላፕቶፕ፣ የዕቃው ዝርዝር ቅጂ። ፓወር ባንክ ከእርስዎ ጋር በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፤ ሻንጣ ክፍልም ኮንቴይነርም አይገባም። ልጅዎ ደግሞ አንድ ካርቶን ራሱ ይሙላ፣ ራሱ ይጻፍበት። ያቺ ካርቶን መጨረሻ ትጫን። ኮንቴይነሩ ሲከፈት መጀመሪያ የምትወርደው እሷ ትሆናለች።

ሲረከቡ በቁጥር ያመሳክሩ። «በደህና ተረክቤያለሁ» ከሚለው ሥር «ካርቶኖቹ አልተከፈቱም» ብለው ጽፈው ይፈርሙ። ከውጭ የማይታይ ጉዳት ሲኖር በሄግ ቪስቢ ለአጓጓዡ በጽሑፍ ማሳወቂያው 3 ቀን ነው። ስለዚህ የመስታወቱን ካርቶኖች ያን ዕለት ማታውኑ ይክፈቷቸው።

በዚህ ሳምንት ግን ያለብዎ ሥራ ትንሽ ነው። ለክተው ያገኙትን ሜትር ኪዩብ ለሦስቱም ይላኩ። በዚያው ቁጥር፣ እስከ ሳሎን ድረስ፣ ሙሉ መድን ያለበት፣ የመድረሻ ክፍያው የተዘረዘረበት ፕሮፎርማ እንደገና ይጠይቁ። አንዱ ምናልባት መልስ አይሰጥም። ከመለሱት ውስጥ አሁንም ትንሹ ትንሽ ከሆነ፣ ሳይሰጉ ይያዙት። እጅዎን ከዋጋው ላይ ያኔ ያንሱ።